ባዶው ስላይድ

ቱቦው ሙሉ ነበር።

በረዶ ሣጥኑ ውስጥ፣ ጠዋት እኔው ራሴ ባስቀመጥኩበት ቦታ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ፣ እስከ አንገቱ ሙሉ። መጀመሪያ የሌላ ሰው መስሎኝ አነሳሁት። የራሴ ጽሑፍ ነው፤ የዛሬ ቀን፣ የአንቲቦዲው ቁጥር፣ ከጎኑ ሁልጊዜ የማደርጋት ትንሽ ክብ። ወደ መብራት አዙሬ አየሁት። ጠብታ አልጎደለም። ያኔ ክው ብዬ ቀረሁ።

ለምን ክው እንዳልኩ እንዲገባችሁ ከዚያ ከአስር ደቂቃ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ። ፕሮፌሰሩ ከኋላዬ ቆመው፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን ምስል እያዩ «አየሽ! አየሽ ወይ! እየረገፉ ነው እኮ!» ሲሉ ነበር። ምስሉ ቡናማ ነው። ቡናማ ማለት እኛ ክፍል ውስጥ ደስታ ነው፤ የዕጢው ሴሎች እየሞቱ ነው ማለት ነው። ያንን ቡናማ የሚያመጣው አንቲቦዲው ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ይኸው፣ ቱቦው ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል።

ታዲያ ቡናማው ከየት መጣ?

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰው አካል የተወሰደ ናሙና ከወረቀት አሳስቼ እየቆረጥኩ፣ መስታወት ላይ እያነጠፍኩ፣ ቀለም ሳስነክር ኖሬአለሁ። በቁጣዬ የታወቅሁ ነኝ፤ እሱን አልክድም። ስናደድ እጄ ይቸኩላል፣ አፌ ደግሞ ከእጄ ይቀድማል። ግን «ስላይድ አበላሽታ አታውቅም» ብለው የሚመሰክሩልኝ የማይወዱኝ ሰዎች ናቸው።

ሥራውን ለእህቴ ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው። ሴል ዝም ብሎ አይሞትም። ሲያረጅ፣ ሲበላሽ ወይም መድኃኒት ሲያስጨንቀው ራሱን በራሱ ለማጥፋት ይወስናል። ሲወስን ውስጡ ያለ አንድ ፕሮቲን ለሁለት ይቆረጣል። የእኛ አንቲቦዲ የተቆረጠውን ብቻ ፈልጎ ይይዛል፤ ያልተቆረጠውን ዞር ብሎም አያየው። ከዚያ ሁለተኛ አንቲቦዲ እናንጠባጥባለን። እሱ የመጀመሪያውን ይይዛል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ቀለም የሚያበስል ኤንዛይም አዝሏል። በመጨረሻ ቀለሙን ስናፈስ ኤንዛይሙ ያለበት ቦታ ቡናማ ይሆናል፤ የቀረው ሰማያዊ ነው። ቡናማው እየሞተ ነው፣ ሰማያዊው አለሁ እያለ ነው።

«ስለዚህ እኔ የምፈልገው ቡናማ ነው» አለች።

«አዎ፣ ቡናማ።»

«ጉድ እኮ ነው፤ ፀጉር ላይ እንኳ ቡናማ ወድጄ አላውቅም» ብላ ተንከተከተች።

እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። በአሥራ አንድ ዓመት እበልጣታለሁ። እናታችን ስትሞት ገና ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የወተት ጥርሷን የነቀልኩላት፣ ትምህርት ቤት ያስገባኋት፣ የመጀመሪያ ፍቅረኛዋን ከበር ላይ ያባረርኩት እኔ ነኝ። እትዬ ነው የምትለኝ። እኛ ደግሞ ፌንጣ እንላታለን፤ አንድ ቦታ ላይ ቆማ ስለማታውቅ። አንዷን ማድረቂያ ካስክ ውስጥ አስገብታ፣ የሌላዋን ቢጎዲን እየፈታች፣ ለሦስተኛዋ ወሬ እያቀበለች ቀኑን ሙሉ ስትዘል ትውላለች።

ያ እግሯ ነው የታመመው። ከጉልበቷ በታች፣ ቅልጥሟ ላይ፣ እንቁላል የምታህል እብጠት ወጣች። መጥፎዋ ዓይነት ሆና ተገኘች። የቀዶ ሐኪሟ ነገር የማያድበሰብሱ ሴት ናቸው፤ «ከጉልበት በታች እንቆርጣለን። ጉልበትሽ ከተረፈ በሰው ሠራሽ እግር ደህና አድርገሽ ትሄጃለሽ፣ ቆመሽም ትሠሪያለሽ» አሏት። ፌንጣ ሦስት ቀን ሙሉ አልተናገረችም። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ጮህኩ፤ የምጮህበት ሰው ስላጣሁ በሳህኑም በበሩም ላይ።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን እኛው ሆስፒታል አንድ አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ ነበር፤ ዕጢውን ራሱን እንዲያጠፋ የሚያስገድድ ነው የተባለለት። ደንቡ ቀላል ነው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በመርፌ ናሙና ይወሰዳል፣ በስድስተኛው ሳምንት ሌላ፣ በአሥራ ሁለተኛው ሌላ። በስድስተኛው ሳምንት ቡናማው ከጨመረ መድኃኒቱ ይቀጥላል፣ ቢላው ይቆያል። ካልጨመረ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና። ናሙናዎቹ ወደ እኔ የሚመጡት በቁጥር ብቻ ነው፤ ስም የለም። ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ የዘመዱን ናሙና እንዳይነካ ተጽፎ ተለጥፏል።

እኔ ነካሁ። ቁጥሯ አሥራ አራት ነበር፤ እጇ ላይ ያሰሩላትን ወረቀት አይቼ ያዝኩት። ለማንም አልተነፈስኩም። ከእኔ በቀር ለእህቴ ማን ይጠነቀቅላታል ብዬ ነው። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፣ ልዋሽ አልችልም።

የመጀመሪያው ናሙና ሰማያዊ ነበር። የስድስተኛው ሳምንት ግን ቡናማ! ዳር እስከ ዳር ቡናማ! ኮምፒውተሩ ቡናማውን ቆጥሮ ስልሳ አንድ ከመቶ አለ። ማይክሮስኮፑን ሳላጠፋ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ደወልኩላት። ሐኪሟ ከመስማታቸው በፊት፣ ፕሮፌሰሩ ከመፈረማቸው በፊት።

«ፌንጣ፣ እግርሽ ተረፈ።»

ጩኸቷ ጆሮዬን አደነቆረው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ ሲያጨበጭቡ ይሰማኛል።

በዘጠነኛው ሳምንት እኔ ቤት መጥታ ሶፋው ላይ እግሯን ዘረጋች። «እትዬ፣ ያበጠ መሰለኝ። ደግሞ ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል።»

«ሲሞት ያብጣል» አልኳት። ፕሮፌሰሩ እንዲህ ያለ ነገር ሊያጋጥም እንደሚችል ለሐኪሞቹ ሲያስረዱ ሰምቼ ነበር።

«ያመኛል እኮ።»

«ታዲያ እየሞተ እንዴት አያምሽም? በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በዓይኔ! አትነጫነጪብኝ።»

እግሯን ሰበሰበች። እኔን ታምናለች።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። የአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ናሙና የሚቀለምበት ቀን ነው። ይኼ ቡናማ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ለዘለቄታው ይሰረዛል። ጠዋት ገብቼ ስላይዶቹን አጠብኩ፣ በረዶ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ቱቦ አስቀመጥኩ። አንዱ አንቲቦዲው ነው፤ ሌላው የተረፈ ማቅጠኛ፣ ማለት አንቲቦዲው የሚሟሟበት ጨዋማ ውሃ፣ ምንም የሌለበት። የሁለቱም ክዳን ነጭ ነው። ልክ አንስቼ ላንጠባጥብ ስል የሰዓት መቁጠሪያዬ ጠረጴዛው ላይ የለም።

«ጋሼ! መቁጠሪያዬን ወስደዋል?»

ጋሼ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር የቀራቸው፣ ትሁት፣ እርጋታቸው እኔን የሚያሳብደኝ ሰው።

«ለአንድ አፍታ ነው ልጄ፣ የእኔ ባትሪው አልቆ…»

«አንድ አፍታ! የእርስዎ አንድ አፍታ እኮ እስከ ምሳ ነው! የሰው ዕቃ ሲወስዱ ይናገሩ እንጂ!» በአንድ እጄ ፒፔት ይዤ፣ ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ፣ እየተንጨረጨርኩ አንጠባጠብኩ። ሦስት ስላይድ፤ ሁለት የአሥራ አራት ቁጥር፣ አንድ የቶንሲል። ቶንሲል ውስጥ ሁልጊዜም የሚሞት ሴል ስላለ፣ አንቲቦዲው መሥራቱን የምናረጋግጠው በእሱ ነው። ከዚያ መቁጠሪያዬን ነጠቅኋቸውና ወጣሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ነገርኳችሁ። ቡናማ ወጣ። ፕሮፌሰሩ ትከሻዬን መቱኝ። «ከሰዓት ለዶክተሯ እጽፍላታለሁ» ብለው እያፏጩ ሄዱ። እኔ ጠረጴዛዬን ላጸዳ ተመለስኩ፣ ቱቦው ሙሉ።

ቆሻሻ መጣያውን ገለበጥኩት። ባዶው ቱቦ የማቅጠኛው ነው። እህቴ ላይ ያንጠባጠብኩት ጨው ያለበት ውሃ ነው!

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እህቴ አይደለም። «ማን አየኝ?» ነው ያልኩት። አሥራ ሦስት ዓመት ተኩራርቼ እንደ ጀማሪ ቱቦ ተሳሳትኩ! ቀስ ብዬ ልደግመው፣ ማንም ሳያውቅ ላስተካክለው አሰብኩ። እጄ ጓንት ሊያወጣ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ።

አንቲቦዲ ካልነካው ሰማያዊ መሆን ነበረበት። ቶንሲሉም ጭምር።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ድሮ ለእያንዳንዱ ናሙና አንድ ባዶ ስላይድ እንሠራ ነበር። ባዶ የምንለው ሁሉም ነገር ተደርጎለት አንቲቦዲው ብቻ የሚቀርበትን ነው። እሱ ሰማያዊ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው። ታዲያ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ አራት አምስት ቁራጭ ቢወጣው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «በሽተኛው ተሰቃይቶ የሰጠንን ሥጋ ለምን ለባዶ እናባክናለን? ባዶው ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው፣ አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም፤ ቶንሲሉ ይበቃናል» አለ። ፕሮፌሰሩ ግሩም ሐሳብ ነው አሉ። ተጨበጨበ።

ያ ሰው እኔ ነኝ።

ቀና ስል ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ። መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀ፣ የፐርኦክሳይዱ ጠርሙስ ቆሟል። ነጭ፣ ጥርት ያለ ጠርሙስ። ደምና ሥጋ ውስጥ የራሱ የሆነ ኤንዛይም አለ፤ ያኛውም ቀለማችንን ቡናማ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ከሁሉም በፊት ስላይዱን ፐርኦክሳይድ ውስጥ የምንነክረው፤ የደሙን ኤንዛይም ይገድልልናል። ፐርኦክሳይድ ግን ብርሃን አይወድም፤ ብርሃን ከነካው ሰንብቶ ተራ ውሃ ይሆናል። ከአራት ወር በፊት ጥቁሩ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ጋሼ ወደዚህኛው ገለበጡት፤ በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው ስሙን ጽፈው ለጠፉበት። እኔም አየሁ። አይቼም «እጅዎ ይባረክ ጋሼ» አልኩ።

ምላጭ አንስቼ ጣቴን ወጋሁት። ደሙ መስታወት ላይ ጠብ አለ። ከጠርሙሱ ቀድቼ አንጠባጠብኩበት። ፐርኦክሳይድ ደም ሲነካ አረፋ ይደፍቃል፤ ይኼን ጉልበቱ የተላጠ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ሽቅብ ቁልቁል ባይ ምንም የለም። ደሙ ቀጠነ፣ ፈሰሰ፣ አበቃ። የእህቴ የመጀመሪያ ናሙና ሲነከር ፐርኦክሳይዱ ገና ጉልበት ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ውሃ ሆኗል።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?» ጋሼ ናቸው።

ደረጃውን ሮጬ ወርጄ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። ነርሷን አዲስ ጠርሙስ ለመንኳት። ተመልሼ ሌላ የደም ጠብታ፣ ከላዩ ከአዲሱ። ፍስስስ! ነጭ አረፋ ተነሳ።

ጋሼ አዩት። መጀመሪያ አረፋውን፣ ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ የራሳቸውን ጽሑፍ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ?» አሉ።

ያን ጊዜ እንኳ ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ነበር። «ሁለታችንም ነን ጋሼ» አልኩ። «ባዶውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ናሙና ሁለት ቁራጭ ተርፎኝ ነበር፤ ከስድስተኛው ሳምንት ደግሞ አንድ። አንድ ቶንሲል ጨመርኩ። ሁሉንም በአዲሱ ፐርኦክሳይድ። ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አንዱን ባዶ አደረግሁት፤ ለቀሩት ሁሉ አንቲቦዲውን ቱቦውን ጮክ ብዬ እያነበብኩ አንጠባጠብኩ። ጋሼ መቁጠሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው አጠገቤ ቆሙ። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አንዳችንም ምሳ አልበላንም። እኔ በሆዴ አንድ ቃል ብቻ እደጋግማለሁ፦ ቡናማ፣ ቡናማ፣ በናትህ ቡናማ ሁን።

ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት።

ቶንሲሉ መሆን ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ቡናማ ነው። አንቲቦዲው አልዋሸም፤ እሱስ ሥራውን ያውቃል። ባዶው ሰማያዊ ነው። የስድስተኛው ሳምንት ሰማያዊ ነው። የአሥራ ሁለተኛው ሳምንትም ሰማያዊ ነው፤ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ቡናማ ነጥብ፣ ከዚያ ውጪ ያማረበት፣ የጠገበ፣ እየተባዛ ያለ ሰማያዊ። ዕጢው አልሞተም! ለሦስት ወር ሊሞት አላሰበም!

ጋሼም ጎንበስ ብለው አዩት።

ጠርሙሱ ከተለወጠ ወዲህ የቀለምናቸውን መዝገብ ላይ ፈለግን። ሰባት ሰው። ሰባት ሰው «ይቀጥል» ተብሎ በእኛ ቡናማ ወደ ቤቱ ተልኳል።

ፕሮፌሰሩ ደብዳቤውን እየጻፉ ነበር። ስላይዶቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ሲሰሙ መጀመሪያ ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግሞ አወለቁ።

«ሰባት?»

«ሰባት።»

«አይሆንም። አይሆንም እኮ! በጉባኤ ላይ አቀረብኩት!» ብድግ አሉ። «ይኼን ማን ማን ያውቃል?»

«እኔና ጋሼ። አሁን እርስዎ።»

በግማሽ የቀረውን ደብዳቤ አዩት። የሚያስቡትን አውቃለሁ፤ እኔም ጠዋት ባዶውን ቱቦ ይዤ ያሰብኩትን ነው። ከዚያ ስልኩን አነሱና ለቀዶ ሐኪሟ ደወሉ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲያነቡላቸው ድምፃቸው እየተቆራረጠ ነበር። አሥራ አራት ላይ ሲደርሱ ሳላስበው «እህቴ ናት» አልኩ።

ስልኩን በእጃቸው ሸፈኑ። «ምን አልሽ?»

«አሥራ አራት እህቴ ናት። አውቄ ነው የሠራሁት። ውጤቱን ከማንም በፊት ነግሬያታለሁ። ሲያብጥባትም እየሞተ ነው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፋቸውን ከፍተው አዩኝ፤ ሰው ሳይሆን የማያውቁት ነገር ከወንበራቸው ፊት የቆመ ይመስል። «ሂጂ» አሉ በመጨረሻ። «ከሌላ ሰው ሳትሰማ ሂጂና ንገሪያት። ከሥራው ታግደሻል፤ ደብዳቤው ይደርስሻል። ሂጂ።»

ፀጉር ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ፌንጣ የአንዲት ደንበኛ ግማሽ ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልላ ግማሹ ይቀራታል። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ በሥራ ሰዓት መጥቼ ስለማላውቅ የምሥራች መስሏታል።

«ወጣ? ቡናማ ነው አይደል? እኔ እኮ ገና ስትገቢ…»

«ፌንጣዬ፣ ነይ ወደ ጓዳ።»

«እዚሁ በይው፤ እነሱም እየጠበቁ ነው።»

ሴቶቹ ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ ያዩኛል። «ነይ» አልኩ፣ መጣች። ፎጣ በሚታጠብበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆመን ነገርኳት። ጠርሙሱን፣ ባዶውን ስላይድ፣ ቱቦውን፣ ሁሉንም። ስጀምር ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታው መቼ እንደጠፋ አላየሁም።

«አልገባኝም» አለች። «እየሞተ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«በዓይኔ አይቻለሁ ብለሽኝ ነበር!»

«ያየሁት የደምሽን ቀለም ነው። ዕጢው አልሞተም። እያደገ ነው የከረመው።»

እግሯን ዝቅ ብላ አየችው። እንደገና ወደ እኔ አየች። ትመታኛለች ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁላት፣ እውነቴን ነው። እሷ ግን እጇ ላይ የቀረውን አንድ ቢጎዲን እያገላበጠች «ዛሬ ባትሳሳቺ ኖሮስ?» አለች።

«ማንም አያውቅም ነበር።»

«እስከ መቼ?»

ፎጣዎቹን አየሁ።

«የሴትዮዋ ፀጉር ይደርቃል» አለችና ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ቀሪውን ፀጉር አንድ በአንድ ጠቀለለች፣ ካስኩን አወረደችላት፣ የሚቀጥለዋን «ነይ እናቴ፣ ተቀመጪ» አለች። ሦስት ደንበኛ ጨርሳ ነው ካፖርቷን ያነሳችው። እስክትጨርስ እንደቆምኩ ነበር፤ ተቀመጪ ያለኝ የለም።

በሳምንቱ ምርመራው ሁሉ አለቀ። ሳንባዋ ንጹሕ ነው፤ እሱን ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ዕጢው ግን ወደ ላይ ወጥቶ ጉልበቷ ውስጥ ገብቷል። ከሰባቱ ሁለቱ ከእሷ በፊት ቀዶ ጥገና ገብተዋል፤ ስለቀሩት እንዳልጠይቅ ተነግሮኛል።

በቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ካልመጣሁ አልገባም ብላ ነው ያስጠራችኝ፤ ለስድስት ቀን ስልኬን አላነሳችም ነበር። ዶክተሯ ገብተው ሰላም አሉን፣ ብርድ ልብሱን ገለጡና ሐምራዊ እስክሪብቶ አውጥተው ከጉልበቷ በላይ፣ ጭኗ ላይ፣ ዙሪያውን መስመር አሰመሩ።

ፌንጣ ቀና ብላ መስመሩን አየችው።

«ያን ጊዜ ቢሆን የት ነበር የሚሰመረው?»

«አሁን እሱን ብናስብ አይጠቅምሽም» አሉ ዶክተሯ።

«እርስዎን አይደለም። እሷን ነው የጠየቅሁት።»

ዶክተሯ እኔን አዩኝ፣ እስክሪብቶውን ከደኑና በሩ ጋ ቆሙ። ያን ጊዜ የተሣለውን የቀዶ ጥገናውን ሥዕል አይቼው ስለነበር አውቀዋለሁ፤ ከጉልበቷ በታች፣ አራት ጣት ዝቅ ብሎ። ጣቴን እዚያ አሳረፍኩት።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

«መሃሉ ላይ ያለው ጉልበቴ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያ አንቺ የወሰድሽብኝ ጉልበቴን ነው።»

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ክንዴን ያዘችና መዳፌን ስባ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«እስኪወስዱኝ ያዢልኝ።»

በሁለት እጄ ያዝኩት። ቀስ ብላ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ደግማ አጠፈችው፤ የጉልበቷ ሎሚ ከመዳፌ ሥር ወዲያና ወዲህ ስትል ይሰማኛል። ቆዳዋ ሞቃት ነበር። ተሸካሚዎቹ አልጋውን ሊገፉ ሲመጡ «እሜቴ፣ ይልቀቁ» አሉኝ፣ አልለቀቅሁም። ሁለተኛ ጊዜ ሲሉኝ ነው የለቀቅሁት።